ለእርጥብና ለብርድ ደጋ፦ ጎማ ቦት ወይስ የቆዳ ከስክስ?

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሸዋበር ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ሾፌርነት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የአደን አስጎብኚ ድርጅት ለሦስት ሳምንት ቀጥሮኝ ወደ አርሲና ባሌ ተራሮች፣ ደጋ አጋዘን ወዳለበት አገር ሄጄ ነበር። የተቀጠርኩት መኪና ልነዳ ነው። ግን መኪናው መንገዱ ያለቀበት ቦታ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ዕቃ ተሸክሞ ዱካ አንባቢውንና አዳኙን እየተከተሉ ጭቃና እርጥብ አስታ (የደጋ ቁጥቋጦ) ውስጥ መዋል ነው።

ከመሄዴ በፊት ሰኞ ገበያ ከሰልባጅ ተራ የቆዳ ከስክስ ገዛሁ። ቆዳው አንድ ጭረት የለውም፣ የሶሉ ጥርስ አልተበላም፣ ምላሱ ላይ ውሃ አያስገባም የሚል ጨርቅ ተሰፍቶበታል። ደስ ብሎኝ ነው የገዛሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳገት ስንወጣ የቀኙ ሶል ከተረከዙ ተላቀቀ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ከቆዳውና ከጎማው መሐል ያለው ስፖንጅ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። በሲባጎ አስሬው ስንከላወስ ዋልኩ። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ እግሬ ነጭ ሆኖ ተጨማዷል፤ ስነካው የሌላ ሰው እግር የነካሁ ነው የመሰለኝ። ስሜቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሁለት ቀን ፈጀ።

አሁን ያው ሥራ ደግሞ መጥቷል። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እርጥብ በሆነና በሚበርድ አገር ለሚሄድ፣ አልፎ አልፎም አንድ ቦታ ለሰዓታት ለሚቀመጥ ሰው ረጅም ጎማ ቦት ይሻላል ወይስ ውሃ የማያስገባ የቆዳ ጫማ? ያለኝ 6,000 ብር ነው፤ ሁለተኛ መሳሳት አልችልም።

ከዚህ በታች የመጡልኝን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አባባል አስፍሬያለሁ፤ ወደፊት ይህንኑ የሚጠይቅ ሰው እንዲያገኘው ነው።

1. መጀመሪያ የመለሰልኝ ፒያሳ ጫማ የሚሸጥ ወንድም ነው፤ በጣም በትህትና። ጎማ ወይስ ቆዳ ከማለቴ በፊት ከቀኑ ስንት ሰዓት እንደምሄድና ስንት ሰዓት እንደምቀመጥ እንድቆጥር ነገረኝ። ብርድ መከላከያ ሽፋን ያላቸው ጫማዎች ላይ 200፣ 400፣ 800 ግራም የሚል ይጻፋል፤ ያ የጫማው ክብደት ሳይሆን የአንድ ካሬ ሜትር ሽፋን ክብደት ነው። ለሚሄድ ሰው 200 ይበቃል፣ እንዲያውም ምንም ባይኖረው ይሻላል፤ 800 ግን ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ነው። ዳገት ላይ 800 የለበሰ ሰው በላብ ይርሳል፣ ሲቀመጥ ያ ላብ ይቀዘቅዝበታል። ዝናቡ ሳይነካው ረጠበ ማለት ነው። እኔ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

2. ሁለተኛው አጭር ነው። ቆዳ ይሁን፣ ሞራና ሰም አቅልጠህ ቀባው፣ አለቀ ብሎ ሄደ።

3. ሦስተኛው ሮቢት አካባቢ ጫማ የሚሰፋ ሰው ነው። የእኔን ጫማ ሳያየው በሽታውን አወቀው። መሐሉ ያለው ስፖንጅ ፖሊዩሬታን ይባላል፤ ከአየር ላይ በሚስበው እርጥበት ከውስጥ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፣ ለዚህም አምስትም አሥርም ዓመት ይበቃዋል። ሳይለበስ ካርቶን ውስጥ ቢቀመጥም አይተርፍም። ለዚህ ነው ሰልባጅ ተራ ቆዳው አዲስ የሚመስል ጫማ ተገዝቶ በሳምንቱ የሚበተነው። ሻጩም ገዢውም ሌባ አይደሉም፤ ጫማው ዕድሜውን መጋዘን ውስጥ ጨርሶ ነው የመጣው። ሲገዛ ምላሱ ሥር ያለችውን የተመረተበት ጊዜ የተጻፈባትን ጨርቅ ማየት፣ ከዚያ ስፖንጁን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ማድረግ ነው። ተመልሶ ካልተነሳ ወይም ጣት ላይ ከተጣበቀ መተው። በማስቲሽ ብቻ ከተለጠፈ ሶል ይልቅ ዙሪያውን የተሰፋ ይሻላል፤ የተሰፋውን እሱ ፈትቶ ሌላ ሶል ሊያስገባለት ይችላል፣ የተበሰበሰውን ግን ማንም አያድነውም አለ።

4. አራተኛው እኔው ነኝ። የግራውን ጫማ አልጣልኩትም ነበርና ከአልጋ ሥር አውጥቼ ስፖንጁን ተጫንኩት። ጥፍሬ ቅቤ ውስጥ የገባ ያህል ገባ። አመስግኜው ጻፍኩ።

5. ኮምቦልቻ ቆዳ ሥራ ላይ ለረጅም ዓመታት የኖረ ሰው በርዝመት ጻፈ። የዚህን ሰው ሐሳብ ሳላሳጥር ላስቀምጥ። ቆዳ ሲሠራ ለሁለት ንብርብር ይሰነጠቃል፤ የላይኛው፣ ፀጉር የነበረበት ገጽ ጥቅጥቅ ያለው ነው፤ የታችኛው ልጭ ቀለም ተቀብቶ አዲስ ቢመስልም ውሃ ይጠጣል። ገዢ ጫማውን እጥፍ አድርጎ ቢያየው፣ እንደ ሰው ቆዳ ደቃቅ መስመር ከወጣበት የላይኛው ነው፤ እንደ ፕላስቲክ ከታጠፈ ቀለም ነው። ውሃ አያስገባም የሚባለው ነገር ግን ቆዳው አይደለም፤ በቆዳውና በገበሩ መካከል እንደ ካልሲ የተሰፋ ስስ ሽፋን ነው። ጎርቴክስ የሚባለውን የሚሠሩት ሰዎች ቀዳዳዎቹ ከአንድ የውሃ ጠብታ 20,000 ጊዜ እንደሚያንሱ፣ ላብ ሆኖ የሚወጣው እንፋሎት ግን በቀላሉ እንደሚያልፍባቸው ይናገራሉ። ችግሩ የላይኛው ቆዳ ውሃ ከጠገበ እንፋሎቱ መውጫ ማጣቱ ነው። ከውጭ ውሃ አልገባም፣ እግር ግን ረጠበ። ሰው ጫማው አፈሰሰ ይላል፤ ብዙ ጊዜ የገዛ ላቡ ነው። በዚህ ላይ ስስ ሽፋኑ ውስጥ የገባች አንዲት ጠጠር ትበሳዋለች፣ የተበሳውን ደግሞ አታየውም፣ አትደፍነውም።

ስለ ሞራው ደግሞ ቁጥር 2ን አረመው፤ ሞራ ቆዳውን ያለሰልሳል፣ ሲበዛ ግን ጫማው ቁርጭምጭሚት ላይ ያለውን ጥንካሬ ይገድለዋል። ሰም ይብዛ፣ ስብ ይነስ አለ።

6. እዚህ ላይ ወሬው ከረረ። አንድ ሰው አያቱ በበረባሶ ከወረኢሉ ደሴ እየተመላለሱ እንደኖሩ፣ በባዶ እግራቸውም እንዳደኑ ጽፎ የዛሬ ልጅ ስለ ስስ ሽፋን ሲያወራ ማፈር አለበት አለ። እኔንም በስም ሳይጠራ ሰነፍ አለኝ።

7. የመለሰችለት ደሴ የምትሠራ ነርስ ናት። ድምጿን ሳታነሳ ነው፣ ግን አልማረችውም። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት መሄድ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል፤ ዝናብ የሚበዛበትና ከ1,500 ሜትር በላይ ያለው የአገራችን ደጋ ዋናው ቦታው ነው፣ ተላላፊ አይደለም፣ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ይከላከለዋል። ስንት ሽማግሌ እግሩን ከሰው ደብቆ ኖሯል ብላ ጠየቀችው። ቀጥላ የእኔን ጉዳይ አነሳች። እግሬ ነጭ ሆኖ መደንዘዙ ቀልድ አልነበረም፤ ውርጭ ባይኖርም እርጥበትና ብርድ ተባብረው ለብዙ ሰዓት ከቆዩ ነርቭና የደም ሥር ይጎዳሉ። እንዲህ ሲሆን እግርን ማሸት ወይም እሳት ዳር ማድረግ አይገባም፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውም። አድርቆ፣ ከፍ አድርጎ፣ ቀስ በቀስ እንዲሞቅ መተው ነው። እኔ ያን ማታ እሳቱ ላይ ዘርግቼው ነበር። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ።

8. አንድ ወጣት ቁጥር 6ን ክፉኛ ተሳደበ፣ እሱም መለሰለት። ሁለቱንም ጋሼም ወንድሜም ብዬ እንዲተዉ ለመንኳቸው። ልጁ ስድቡን አጠፋ፤ ቁጥር 6 አላጠፋም።

9. አንዲት እህት ከጫማው ወጥታ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፣ የመጥፋት ሥጋት አለበት፣ የአሥር ሳንቲማችን ላይ የታተመው እሱ ነው፤ የሚገድለውን ሰው ዕቃ ለመሸከም ጫማ ታማርጣለህ? አለችኝ። አልተቆጣሁም። ጥያቄዋ ከእኔ ጥያቄ ይከብዳል።

10. መልስ የሰጣት ሰው ሕግ የሚያውቅ ነው። በዱር እንስሳት አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው፤ እንደ ሙነሳ ኩኬ ባሉት የቁጥጥር አደን ቀበሌዎች የሚታደነው ቁጥሩ አስቀድሞ ተወስኖ፣ ያውም ያረጀ ወንድ ብቻ ነው፣ ገንዘቡም አካባቢውን ሰው ካልደረሰው ጫካው ለእርሻ ይመነጠራል ብሎ ተከራከረ። እሷ ገንዘቡ በእርግጥ ይደርሳል ወይ ብላ መለሰች፤ እሱም ዝም አለ። እኔ ያየሁትን ብቻ ጨመርኩ። ከእኛ ጋር የነበረው ዱካ አንባቢ የመንደሩ ልጅ ነበር፣ ሴት አጋዘን ከነግልገሏ ስትወጣ አዳኙን ትከሻውን ይዞ ያስቀመጠውም እሱ ነው። የእኅቴን ጥያቄ ግን ይህ አይዘጋውም፣ እኔም እንደተዘጋ አልቆጥረውም።

11. ወደ ጫማው የመለሰን የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ክረምት ከበጋ በጉጉፍቱ በኩል ወረኢሉና ጃማ ይመላለሳል። ጉጉፍቱ ላይ በነሐሴ ያለውን ንፋስ የቀመሰ ያውቀዋል። እሱ የጎማ ቦት ሰው ነው። ጎማ ቦት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ገበያ ላይ የሚበዛው ርካሹ ፕላስቲክ ነው፤ ሲበርድ ይደርቃል፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በሚታጠፍበት መስመር ይሰነጠቃል። እውነተኛው ጎማ ብርድ ላይም ይለመጣል፣ ሲሸተት የመኪና ካላማዳሪ ይሸታል። ውስጡ ከሦስት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ኒዮፕሪን (ስፖንጅ መሰል ጎማ) ያለው ከተገኘ ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ነው። በመረሬ አፈር ጥርሱ የተቀራረበ ሶል አይሆንም፤ ጭቃው ይሞላውና እያንዳንዱ እግር ሁለት ኪሎ ይሆናል። ጥርሱ የተራራቀና ጥልቅ የሆነው ግን በየእርምጃው ይጥለዋል።

ትልቁን ነገር መጨረሻ ላይ ነው ያነሳው። ውሃ ብዙ ጊዜ በሶል አይገባም፤ ከላይ ነው የሚገባው። ጠዋት አስታና ሣር ውስጥ ሲኬድ ጤዛው ሱሪን ያርሰዋል፣ ከሱሪው ወደ ካልሲው፣ ከካልሲው ወደ ጫማው ይወርዳል። ሱሪን ቦቱ ውስጥ መክተት ውሃውን በቱቦ መቅዳት ነው፤ ሱሪው ከውጭ ይውረድ፣ ወይም በቆዳ ጫማ ላይ ገንባሌ ይታሰር። እኔ ሦስቱንም ቀን ሱሪዬን ጫማዬ ውስጥ ከትቼ ነበር የሄድኩት፤ ወታደር ስለሚመስል።

12. አንዱ ከቁጥር 2 ተነስቶ ሞራ የተቀባ ከስክሱን ኩታበር ላይ በረንዳ አሳድሮ ጅብ እንደወሰደበት ተረከ። አንዱን ብቻ ነው የወሰደው፤ ሌላውን እስካሁን አስቀምጦታል።

13. ከዚህ በኋላ አራት አምስት ሰው ስለ ጅብ ጻፈ። አላሰፈርኩትም፣ አልቆጠርኩትምም።

14. አራት ልጆች በደሴ ክረምት ያሳደገች እናት ስለ ማድረቅ ጻፈች። ሁላችሁም ስለ መግዛት ታወራላችሁ፣ ማታ ምን ትሆናላችሁ አለች። ጫማን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረግ ማስቲሹን ያላቅቃል፣ ቆዳውን ያደርቅና ይሰነጥቃል። የውስጥ ንጣፉን አውጥቶ ለብቻው መስቀል፣ ጫማውን በጋዜጣ መሙላት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የረጠበውን አውጥቶ በደረቅ መቀየር፣ ከመተኛት በፊት አንዴ ደግሞ መቀየር። ጎማ ቦት ከሆነ ከውስጥ በጨርቅ ተጠርጎ ተገልብጦ ቢያድር ጠዋት ይደርቃል፤ ባለ ስስ ሽፋን የቆዳ ጫማ ግን አንዴ ከውስጥ ከራሰ በሁለት ቀንም አይደርቅም። በእኔ እምነት ከሁሉም መልስ ነገሩን የቆረጠው ይህ ነው።

15. አንድ አዳኝ ነኝ ያለ ሰው ጎማ የሰው ሽታ ስለማይዝ አውሬው አይሸሽም፣ ስለዚህ ጎማ ይሻላል አለ።

16. ሌላው ተቃወመው፤ ንፋስ ከኋላህ ከሆነ ጎማ ለብሰህም ሽታህ ይቀድምሃል፣ ንፋሱን እይ እንጂ ጫማውን አትይ አለ። ሰፊ ቦት ሲራመዱበት ፏ ፏ እያለ ድምፅ እንደሚያወጣም ጨመረ። ልክ ነው፤ ከእኔ ጋር የነበረው ዱካ አንባቢ ንፋሱን ለማየት ቆሞ ትቢያ ሲበትን ነው የሚውለው።

17. ስለ ልክ የጻፈው ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ፤ አጋዘኑ በብዛት ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ በስስ ካልሲ ልክ የሆነ ጫማ እዚያ በወፍራም ካልሲ ጠባብ ይሆናል፤ ጠባብ ጫማ ደግሞ ደም ስለሚያግድ ከቀዳዳ ጫማ ይልቅ ያበርዳል። ለመለካት ከሰዓት በኋላ፣ እግር ሲያብጥ፣ የምለብሰውን ካልሲ ይዤ እንድሄድና ከጣቴ ፊት አንድ አውራ ጣት ያህል ክፍት እንዲተርፍ መከረኝ። ቁልቁለት ላይ ጥፍር የሚጠቁረው ያ ክፍት ሲጠፋ ነው። ካልሲው ጥጥ አይሁን፣ የበግ ፀጉር ይሁን፤ ጥጥ ውሃውን ይዞ ይቀራል፣ ፀጉር ግን ረጥቦም ያሞቃል። የወሎ ደጋ ሰው ባና የሚለብሰው ለዚሁ ነው።

18. አንዱ ደግሞ ጦሳን ዘወትር የሚወጣ ነው፤ ሶል ካልያዘ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው አለ። በ1935 ስድስት ጣሊያናውያን ተራራ ወጪዎች ለአየሩ በማይሆን ጫማ በመሄዳቸው ሞቱ፤ ጓደኛቸው ቪታሌ ብራማኒ በ1937 ጥርስ ያለውን የጎማ ሶል አወጣ፣ ቪብራም የሚባለው እሱ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

19. ቁጥር 6 ተመለሰ። ይቅርታ አላለም። አያቱ በእርጅናቸው የቀኝ እግራቸው አብጦ እንደነበር፣ ቤተሰቡ ግን መጋኛ ነው ይል እንደነበር ጻፈ። ነርሷን እህቴ ብሎ በሕይወት ያለች አክስቱን የት እንደሚወስድ ጠየቃት፤ እሷም ወዲያው ነገረችው። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላለውም።

20. በቦረና ሳይንት ደን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሲጠብቅ የኖረ ሰው መልሶቹን ሁሉ አንብቦ ለእኔ ለይቶ ጻፈ። ከሰባት ሰዓት እርጥበት በኋላ የማይረጥብ ጫማ አላየሁም አለ። ስለዚህ የማይረጥብ ጫማ አትፈልግ፣ ጠዋት የሚደርቅ ፈልግ። ያለህ ገንዘብ ለአንድ ደህና ጎማ ቦትና ለሦስት ጥንድ የፀጉር ካልሲ ይሆናል፤ አንዱን ጥንድ የመኝታ አድርገው፣ በምንም ምክንያት ከድንኳን ውጭ አታድርገው። ስትቀመጥ ከእግርህ ሥር ቅርንጫፍ ወይም ሣር አንጥፍ፣ ብርዱ ከመሬት ነው የሚወጣው።

21. የመጨረሻው ኮምቦልቻ ያለ ጎሚስታ ነው። እውነተኛ ጎማ ከሆነ ቀዳዳውን እንደ ካላማዳሪ እደፍነዋለሁ፣ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ልጥፉ አይዝም፤ ከመክፈልህ በፊት አምጣው አለኝ።

ቅዳሜ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ባለሱቁ መታወቂያዬን መያዣ አድርጎ ሁለት ጥንድ አስያዘኝ። ጎሚስታው የመጀመሪያውን አፉን ጠምዝዞ በክርኑ ጨመቀና ጎማ የሚፈትሽበት ገንዳ ውስጥ ነከረው። ለትንሽ ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ከሚታጠፍበት መስመር እንደ ተልባ ፍሬ የምታክል አረፋ ወጣች፣ ተከትላም ሌላ። አላናገረኝም፤ አውጥቶ ጠረገና ለብቻው አስቀመጠው። ሁለተኛውን ጥንድ ነከረ፣ ቀኙን፣ ግራውን፣ እስኪበቃኝ ድረስ ይዞ አቆየልኝ። ውሃው ረጋ ብሎ ቀረ። በአንድ ቁጥር የሚበልጠኝ ነው፤ በፀጉር ካልሲ ልክ ሆነኝ። ዛሬ ጠዋት ለብሼው የሸዋበርን ጭቃ ወጣሁበት፣ ሱሪዬ ከውጭ ነው።